ታርጋው ያልተቀየረ መኪና

ባለፈው ጥር ኦስሎ ውስጥ፣ ኦከርን አጠገብ ካለው ነዳጅ ማደያ ቆሜ የመኪናዬን የመስታወት ማጠቢያ ስሞላ ያ ሰማያዊ ፈሳሽ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አልኮል አልኮል ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ርካሽ ሽቶ የመሰለ ነገር አለበት። ጓንቴን አውልቄ እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ጡሩንባውን ነካ አደረገ። ምን ልበለው? ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ነኝ፣ እናቴ ከታች መኪናዋን እየጠረገች ነው፣ ትንሽ ታገሠኝ ይባላል?

ክረምት ስላችሁ ሐምሌና ነሐሴን እንዳታስቡብኝ። የዚህ አገር ክረምት በኅዳር ገብቶ፣ ሂድ ቢሉት የማይሰማ፣ እስከ ሚያዝያ የሚቀመጥ እንግዳ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ኅዳር ላይ ነው። እሱና እኔ አንድ ላይ ገባን ማለት ይቻላል።

እናቴ ከአገር ስትወጣ አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ እኅቷ ናት፣ አክስቴ የሺ፣ ሽሮ ሜዳ። እናቴ ስትሄድ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላኝ ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም። የሺ ግን ፋሲካ በመጣ ቁጥር ስለምታነሣው፣ የሰማሁት ያህል ሆኖብኝ ነበር። ብዙ ፋሲካ አለፈ። በኋላ ወረቀቷ ተሳካና አስመጣችኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጠበቀችኝ ሴት ፎቶግራፏን ትመስላለች። እናቴን ትምሰል አትምሰል ግን በምን ልወቅ? አቀፈችኝ፣ አለቀሰች። አቅፋኝ ስታበቃ ዞር ብላ ከኋላዬ የተመለከተች መሰለኝ። ያችን የአራት ዓመቷን ልጅ የምትፈልግ ዓይነት። ከዚያ ሻንጣዬን እየጎተተች ወደ አንድ አሮጌ አመድማ መኪና ወሰደችኝ። ወንበሩ ላይ የውሻ ፀጉር ነበረበት። ካፖርቴ ላይ ተለጥፎ እቤት ድረስ ገባ።

ያን ክረምት በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ይቺ ሴት ሁለተኛ ጥላኝ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? ሌላው ሁሉ፣ በረዶውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በዘጠኝ ሰዓት የሚጨልመው ቀንም፣ ከዚህ ጥያቄ በታች ነበር።

ትምህርት ቤት ሞታክ የሚሉት ክፍል አስገቡኝ፤ አዲስ የመጡ ልጆች ቋንቋ የሚለምዱበት ነው። የሶማሊያ ልጅ አለ፣ የኢራቅ ልጅ አለች፣ ከየትም የመጣን አለን። እያንዳንዳችን በየራሳችን ቋንቋ ዝም ብለን እንቀመጣለን። መምህሯ ጥሩ ሴት ነበረች። የአፕል ሥዕል ታሳየናለች፣ ኤፕለ እንላለን። ከዚያ እቤት እሄዳለሁ።

እናቴ ጽዳት ነበር የምትሠራው። ማለዳ ባቡሩ ሳይጀምር በመኪናዋ ሮመን ሄዳ አንድ ትልቅ ሕንፃ ታጸዳለች። ከሰዓት ደግሞ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ስለማይገኝ መኪናዋን ትታ በባቡር ትሄዳለች። እኔ ስገባ እሷ ጫማዋን ታስራለች። ደረጃው ላይ የምንተላለፍበት ቀን ነበር፣ እሷ ወደ ታች እኔ ወደ ላይ። «ምግቡ ማይክሮዌቩ ውስጥ ነው፣ ከበላሽ በኋላ ጋሽ ወልዴ ጋ ውረጂ» ትለኛለች፣ ጉንጬን ሳም አድርጋ ትወጣለች። ጓንቷ ሁልጊዜ ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ይሸታል።

ጋሽ ወልዴ ምድር ቤት ነበር የሚኖሩት፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ስንዱ ጋር። በአገራቸው የአሰብ መንገድ የተሳቢ ሹፌር ነበሩ። እዚህ ኦከርን የሱቅ ወለል በሚያጥበው ማሽን ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። «መሪ አለው፣ ፍሬን አለው፣ ምን ጎደለኝ?» ይላሉ። እትዬ ስንዱ ከወጥ ቤት ሆነው «ረዳት ጎደለህ፣ የሚሰድብህ ትራፊክ ጎደለህ» ይሏቸዋል።

የሳሎናቸው መስኮት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ምድር ቤት ስለሆነ ታርጋዎቹ ልክ ዓይናችን ፊት ናቸው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያዩን ይመስላሉ። ጋሽ ወልዴ ከሥራ ገብተው እግራቸውን ማሞቂያው ላይ ሰቅለው ይጠሩኛል።

«መቅዲ፣ ያቺ ቀይዋ?»

«ዲ።»

«ዲ ማለት?»

«ኦስሎ።»

«ከኋላዋ ያለው ጥቁሩ?»

«ኤስ።»

«በርገን። ዝናብ ብቻ ነው እዚያ። ሳይበሰብስ መውጣቱም ተመስገን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ታርጋ ላይ መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደል አለ፣ ቀጥሎ አምስት ቁጥር። ቁጥሩ ተራ ነው፣ አይናገርም። የሚናገረው ፊደሉ ነው። ዲ ኦስሎ፣ ኤስ በርገን፣ አር ስታቫንገር፣ ቪ ትሮንድሄም፣ ዜድ ያ ፀሐይ የማይወጣበት የሰሜን ጫፍ። ጋሽ ወልዴ ይህን ሁሉ የለቀሙት ከሥራ ጓደኞቻቸው ነው። ዜድ ያየን ቀን ሁለታችንም ከወንበር እንነሣለን። በረዶ ላይ ያን ያህል ነድቶ የመጣ ሰው ተቀምጦ አይታይም ይላሉ።

«አንተ ሰውዬ» ይላሉ እትዬ ስንዱ፣ «ልጅቷ ገና ውሃ ስጡኝ ማለት አታውቅበት፣ አንተ የመኪና ፊደል ታስቆጥራታለህ።»

«ፊደል ፊደል ነው። ነገ በርገን ብትሄድ ይጠቅማታል።»

«በርገን ማን አላት?»

«ማንም የላትም። ዝናቡ ግን አለ።»

ቀለሙ ነበር ያስቸገረኝ። እኔ ከሽሮ ሜዳ የመጣሁ ልጅ ነኝ፣ ታርጋ በቀለም ነው የማውቀው። ቀይ ታክሲ፣ ሰማያዊ የቤት መኪና፣ አረንጓዴ የንግድ፣ ጥቁር የመንግሥት። ሰውዬው ማን እንደሆነ ሳይወርድ ነው የሚታወቀው። እዚህ ግን ሁሉም ነጭ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደሃና ሀብታም የሚለዩበት ጠፍቶባቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሰማያዊ ታርጋ በቢጫ ጽሑፍ አየሁና «የቤት መኪና መጣ» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው አይተው «እሱ የኤምባሲ ነው፣ ቤቱ ሩቅ ነው» አሉኝ። አረንጓዴውን እኔም እሳቸውም በአገራችን ደንብ የንግድ ነው ብለን አለፍነው። ኋላ እንዳወቅሁት ከኋላው ዕቃ እንጂ ሰው የማይጭን መኪና ነው። ብዙም አልራቅንም።

ደግሞ የማላገኘው ፊደል ነበር። መምህሯ ስሜን በላቲን ስትጽፍልኝ በኤም ነው የጀመረችው። እኔም መቅደስ ከምትባል ልጅ ጋር የሚሄድ መኪና ፍለጋ ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ታርጋ እያየሁ ነው የምመጣው። ኤም የለም። አንድም ቀን የለም። ጋሽ ወልዴን ስጠይቃቸው አሰብ አደረጉና «እኔም አላየሁም» አሉ። ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሰፊ ፊደል ስለሆነ ታርጋው ላይ ቦታ እንዳይፈጅ ትተውት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ያኔ ግን ፊደል ያለው ሁሉ አገር አለው፣ ፊደል የሌለው አገር የለውም ብዬ ነበር የማስበው። ኤም የሚባል ከተማ ቢኖር መኪና ይልክ ነበር።

ባንዲራውስ? በዚያ ሰሞን አዳዲሶቹ ታርጋዎች በግራ ጠርዛቸው ሰማያዊ መስመር ነበራቸው፣ ትንሽ የኖርዌይ ባንዲራ ያለባት። አሮጌዎቹ የላቸውም። «ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱማ ዜግነት ያገኘ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «ያ ቮልቮ ፓስፖርቱን ተቀብሏል። ይሄ ኦፔሉ ገና ነው፣ ማመልከቻው ተይዞበታል።»

እትዬ ስንዱ ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እኛ ቤት፣ እነሱ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የትም ብሄድ ሰው ሲገናኝ የሚያወራው ስለ ፓስፖርትና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ነበር። ማን ተፈቀደለት፣ ማን ተከለከለ፣ ማን ይመለስ ተባለ። መኪናም ይጠብቃል ቢሉኝ ምን ያስገርመኛል?

እንግዲህ የእናቴ መኪና ባንዲራ አልነበረውም። ፊደሉም ዲ አልነበረም። ቪ ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀን ትዝ ይለኛል። ከመስኮቱ ሥር የቆመችውን መኪና ጋሽ ወልዴ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርኩ። የሰው ነውር ያየሁ ነበር የመሰለኝ። ሲቆይ ግን አልቻልኩም።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሰው ከትሮንድሄም ለቆ ኦስሎ ቢገባ ታርጋው ይቀየራል?»

«ያለ ጥርጥር» አሉ። «ከክልል ክልል ከተዛወረ ይቀየራል። የግል የነበረው ታክሲ ቢሆን ይቀየራል። አሮጌውን መልሰሽ አዲስ ትወስጂያለሽ። ያልቀየረ ሰው ሊመለስ ያሰበ ነው፣ ወይ ሰነፍ ነው።»

እናቴ ሰነፍ አልነበረችም። ሰነፍ ብትሆን ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እየገጠመ መጣ። እናቴ መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስትገባ ኮሙን የሚሉት ማዘጋጃ ቤት ያስቀመጣት ከትሮንድሄም ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ እንደነበር ነግራኛለች። እዚያ ጉንቮር የምትባል አሮጊት አለች። ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች። እናቴ በኖርዌይኛ ስታወራት ሌላ ሰው ትሆናለች። ድምፅዋ ይወፍራል፣ ትስቃለች፣ እግሯን አጣጥፋ ሶፋው ላይ ትወጣለች። ከእኔ ጋር እንዲያ ስቃ አታውቅም። ከእኔ ጋር ስትሆን፣ ሙሉ ብርጭቆ የያዘ ሰው እንደሚራመደው፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ያ የውሻ ፀጉርም አለ። ወንበሩን ብትጠርገው ብትጠርገው የማያልቅ። ውሻ አላት አልኩ በልቤ። ቤት አላት፣ ውሻ አላት፣ እዚያ የምትስቅበት ሶፋ አላት። እዚህ የመጣችው ለእኔ ለትንሽ ጊዜ ነው።

እሑድ እሑድ በስልክ ካርድ ለየሺ እንደውላለን። እናቴ ካርዱን ትፍቅና ቁጥሩን መትታ ስልኩን ትሰጠኛለች፣ እሷ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። እኔ የሺን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምጠይቃት። «መቼ ነው የምመጣው?» የሺ «አይዞሽ፣ ልመጂ» ትለኛለች። ከጀርባዋ የሰፈራችን ውሾች ይሰማሉ። እናቴ ውሃውን ከፍታ ብዙ ትቆያለች።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴ በባቡር ከሄደች በኋላ፣ መኪናዋ ጋ እሄዳለሁ። በረዶ አፍሼ ታርጋው ላይ እለጥፋለሁ። የፊቱንም፣ የኋላውንም። በጓንቴ ደልደል አድርጌ፣ ፊደሉ እስኪጠፋ። ሐሳቤ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሰው አይቶ ይቺ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለችም እንዳይል። ሁለተኛው ለመናገርም ያሳፍራል፤ መኪናው ራሱ የመጣበትን እንዲረሳ ነው።

ሌሊቱን ይረጋል። ማለዳ እናቴ ስትወጣ እነቃና መስኮቱ ላይ እቆማለሁ። መስታወቱን ትፍቃለች፣ ጣሪያውን በመጥረጊያ ትገፋለች፣ ሰማያዊውን ፈሳሽ ትጨምራለች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ታርጋውን በፕላስቲክ መፋቂያ ትፍቃለች፣ ቪው ጥርት ብሎ እስኪታይ። ታርጋው ያልታየ ሰው ፖሊስ ይቀጣዋል፣ ለዚህ ነው። እኔ ግን ከላይ ሆኜ የማየው ሌላ ነው። እኔ የሸፈንኩትን በየቀኑ የምትገልጥ፣ አልረሳም የምትል ሴት።

አንድ ቀን ለጋሽ ወልዴ ስታማርር ሰማኋት። «በረዶ ጠራጊው መኪና እኔን ብቻ ነው መሰል የሚያየው። የጎረቤቱ ንጹሕ ነው፣ የእኔ ታርጋ በረዶ ተለጥፎበት ያድራል።» ጋሽ ወልዴ ማሞቂያው ላይ የተሰጡትን የእኔን ጓንቶች አዩ። ውሃ ይንጠባጠባል። እኔን አዩ። «አንዳንዱ ቦታ ንፋስ ይበዛበታል» አሏት።

በየካቲት የክረምት ዕረፍቱ ሊደርስ ሲል ጉንቮር ታመመች። ሐሙስ በእሷ ፈንታ ሌላ ሰው ነበር የደወለው። እናቴ ቆማ ነው ያወራችው። «ያ፣ ያ» አለች፣ አዎ አዎ ማለቷ ነው። ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሆስፒታል ገብታለች። ሄጄ ልያት። ዓርብ ጠዋት እወጣለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። አንቺ እነጋሽ ወልዴ ጋ ታድሪያለሽ፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። እሑድ የምትለው ቀን ከፋሲካ በምን ትለያለች ብዬ ሳስብ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወረደች። እኔን እነጋሽ ወልዴ በር ላይ አድርሳ፣ እትዬ ስንዱን ተሰናብታ ወጣች። እኔ በካልሲ ነበርኩ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ የእትዬ ስንዱን ነጠላ ጫማ አጥልቄ ነው። እናቴ የኋላውን መስታወት ስትፍቅ በፊት በር ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀበቶውንም አሰርኩ።

ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ ከዚያ አየችኝ።

«ውረጂ መቅዲ። መንገዱ ረጅም ነው።»

ቀበቶውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«እትዬ ስንዱ ቁርስ እያቀረቡልሽ ነው።»

«ታርጋው አልተቀየረም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ታርጋው። ኦስሎ ገብተሽ ቢሆን ዲ ይሆን ነበር። ባንዲራም የለውም። ሊመለስ ያሰበ ሰው ነው የማይቀይረው። ደግሞ ውሻ አለሽ።»

«ውሻ?»

«ፀጉሩ ይኸው።»

ልትስቅ ጀመረች። ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ሞተሩን አጠፋች። የማሞቂያው ንፋስ ቆመና መኪናው ውስጥ ትንፋሻችን ብቻ ይሰማ ጀመር።

«ውሻው የጉንቮር ነበር» አለች። «መኪናውም የሷ ነበር፣ ዓይኗ ሲደክም ለእኔ ተወችው። ታርጋ እዚህ አገር ከመኪናው አይለይም፣ ገባሽ? መጀመሪያ የተመዘገበበትን ፊደል ይሰጡታል፣ እሱን ይዞ ያረጃል። ቢሸጥ ቢለወጥ፣ ከዳር እስከ ዳር ቢዞር፣ እስኪፈርስ ድረስ ያው ነው። ባንዲራውም አሁን በወጡት ላይ ነው ያለው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ከየት እንደተነሣ ነው የሚያሳየው መቅዲ። ማን ጋ እንደሚያድር አያሳይም። ማነው ይቀየራል ያለሽ?»

መስኮቱ ተንኳኳ። ጋሽ ወልዴ ናቸው፣ ካፖርት በፒጃማ ላይ ደርበው፣ አካፋ ይዘው። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ባትሪው ሞተ እንዴ?» አሉ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ታርጋ ይቀየራል ብለዋታል?»

«እንዴ፣ አይቀየርም?»

«አይቀየርም።»

ጋሽ ወልዴ አካፋውን ተደግፈው ማቆሚያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ሁሉንም መኪና። «ታዲያ ያ ሁሉ ዜድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምናልባት ከጎረቤት ነዋ የመጣው።» ይህን ብለው በጣም አዝነው ገቡ።

እናቴ መስታወቱን መልሳ ዘጋች። ወደ እኔ አልዞረችም፣ መሪውን እያየች ነበር የምታወራው።

«እኔ ደግሞ የምትሄጂው አንቺ ነሽ ብዬ ነበር የምፈራው።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ሻንጣሽን እስከ ዛሬ አልፈታሽውም። ቁም ሣጥኑን ባዶ አድርጌ ነው የጠበቅሁሽ፣ አንቺ ግን ልብስሽን ከሻንጣው አውጥተሽ ትለብሻለሽ፣ አጥበሽ ወደ ሻንጣው ትመልሻለሽ። እሑድ እሑድ የሺን የምትጠይቂያትን እሰማለሁ። ውሃ ብከፍትም ይሰማል። እኅቴን ነግሬያታለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ አሁንም እንዲህ ከሆነች እመልስልሻለሁ ብዬ። ቃል ገብቻለሁ።» እጇን መሪው ላይ አደረገች፣ አነሣች። «አሁን አንቺ ንገሪኝ። ልመልስሽ?»

ሻንጣውን አስቤው አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው። ቁም ሣጥኑ የሷ መስሎኝ ነበር።

«ኔይ» አልኩ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። በአማርኛ አይ ልል ነበር ያሰብኩት። ክፍል ውስጥ እንኳ፣ መምህሯ ስትጠይቀኝ፣ አንገቴን እነቀንቅ ነበር እንጂ ኔይ ብዬ አላውቅም። እናቴ ዞረች። ያኔ ነው ያየችኝ፣ ከኋላዬ ማንንም ሳትፈልግ።

«ኔይ?» አለች።

«ኔይ።»

ወርዳ ወደ ላይ ሮጠች። ስትመለስ የእኔን ሱሪ፣ ሹራቤን፣ የውስጥ ልብሴን ሁሉ በክንዷ አቅፋ ነበር፣ የበረዶ ጫማዎቼን በጥርሷ በገመዳቸው ነክሳ። ትንሿን ቦርሳዋን በረዶው ላይ አስቀመጠችና የእኔን ልብስ ከሷ ልብስ ላይ ትጠቀጥቅ ጀመር። ዚፑ እምቢ አለ። በጉልበቷ ተንበረከከችበት፣ አሁንም እምቢ አለ። እኔም በእትዬ ስንዱ ነጠላ ጫማ ወርጄ ቦርሳው ላይ ተቀመጥኩ።